ይድነቃቸው ተሰማና የኮከብ ተጫዋች ክርክራችን



ጨንቻ ከፍ ያለ ደጋ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጧት ጧት ጉም ሜዳችንን በሸፈነው ጊዜ፥ ኳስ የመታ ልጅ ኳሱ ወዴት እንደ ሄደ የሚያውቀው ከወዲያ ማዶ በሚሰማው ጩኸት ነው። እንዲህ ባለው ሜዳ ላይ ማን ከማን እንደሚበልጥ ለይቶ መፍረድ ቀላል አይደለም። እኔም ይህን ታሪክ ለመጻፍ የተነሣሁት አንድ ጊዜ ፈርጄ ስለ ተሳሳትሁ ነው።

ባለፈው ዓመት የክፍል ለክፍል የእግር ኳስ ውድድር ባለቀ ጊዜ፥ ከራሱ ከጨዋታው የበለጠ የጋለ ክርክር በመካከላችን ተነሣ። የክርክሩም ምክንያት የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ነበር። ሽልማቱ አንድ ሸማኔ አባት የለገሱት ጋቢ ነበረ። ጋቢው ለጨንቻ ብርድ የሚያስጐመጅ ከመሆኑም በላይ፥ እርሱን ለብሶ በገበያ መካከል ያለፈ ልጅ ስሙ በየሰፈሩ መነሣቱ አይቀርም።

መራጮቹ ሰባት ተማሪዎች ነበርን። ሦስቱ ብዙ ጐል ላገባው አጥቂ፥ ሦስቱ ደግሞ የአሸናፊው ክፍል በረኛ ለነበረው ልጅ ድምፃቸውን ሰጡ። የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። አጥቂው የአክስቴ ልጅ ነው፤ በአንድ ወንበር ተቀምጠን እንማራለን። በረኛው ግን ከሩቅ ቀበሌ በየቀኑ በእግሩ እየመጣ የሚማር፥ ድንጋይ በበዛበት የጐል አፍ ላይ ጕልበቱ እየደማ የሚወድቅ ልጅ ነበር። በፍጻሜው ጨዋታ ክፍሉን ከሽንፈት ያዳነው እርሱ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ። ሆኖም እጄን ለአክስቴ ልጅ አነሣሁ። ምክንያቴን የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም አልተናገርሁም። በረኛው በሽልማቱ ቀን ከሁላችን ጋር አጨበጨበ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ወደ ሜዳ አልወጣም።

በዚህ ዓመት የታሪክ መምህራችን ለዚህ መጽሔት የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ባዘዙኝ ጊዜ፥ ልቤ ከዚያ ክርክር ገና ስላልወጣ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን ታሪክ መረጥሁ። እርሳቸው በዘመናቸው እጅግ ብዙ ጐል ያገቡ አጥቂ መሆናቸውን ሰምቼ ስለ ነበር፥ ታሪካቸው ለሰጠሁት ድምፅ ጠበቃ ይሆነኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ነገሩ ግን እንዳሰብሁት አልሆነም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልኝ።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በዘመን መለወጫ ቀን፥ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በግጥምና በዜማ ችሎታቸው የታወቁት፥ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ልጅ ይድነቃቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሩ። ከደብተራቸው ጋር የኳስ ፍቅር ያደረባቸውም ገና በልጅነታቸው ነው።

በ1928 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ቡድን በአዲስ አበባ በአራዳ ሰፈር ተቋቋመ። ይድነቃቸውም ያን ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ ሳሉ ከቡድኑ ጋር ተቀላቀሉ። ነገር ግን በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ወራሪዎቹም ጥቁርን ከነጭ በመኖሪያም ሆነ በመዝናኛ የሚለይ ሕግ አወጡ። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ ወጣት የቱን ያህል ኳስ ቢያውቅ፥ በገዛ አገሩ ከሌላው ጋር እኩል ተሰልፎ ችሎታውን ለማሳየት ካልተፈቀደለት ማን ኮከብ ሊለው ይችላል? ይህ ጥያቄ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ከይድነቃቸው ልብ ያልወጣ ይመስለኛል።

አገራችን ነፃነቷን ካገኘች በኋላ፥ በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አምስት ቡድኖች የተካፈሉበት ውድድር ተደረገ። ከእነርሱም አንዱ የእንግሊዝ ወታደሮች፥ ሁለተኛው የኢጣልያኖች፥ ሦስተኛው የግሪኮች፥ አራተኛው የአርመኖች ቡድን ሲሆን፥ አምስተኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር። ዋንጫውን የወሰደው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለብቻቸው እንዲጫወቱ የተፈረደባቸው ልጆች፥ በሩ በተከፈተ ጊዜ ከሁሉም በላይ ሆነው ተገኙ።

አቶ ይድነቃቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመት ያህል ተጫወቱ። በ365 ጨዋታዎች 318 ጐሎች እንዳገቡ በታሪካቸው ተመዝግቦ ይገኛል። ይህን ቍጥር ባነበብሁ ጊዜ ደስ አለኝና ለአክስቴ ልጅ ሮጬ ነገርሁት። ዳሩ ግን ገጹን እየገለጥሁ በሄድሁ መጠን ያስተዋልሁት ነገር፥ ሰውየው በዓለም የታወቁት በእነዚያ ጐሎች አለመሆኑን ነው። ተጫዋች ሳሉ ጀምረው ፌዴሬሽኑን በማቋቋምና በዋና ጸሐፊነት በማገልገል፥ ሌሎች የሚጫወቱበትን ደንብና ውድድር ያዘጋጁ ነበር።

በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲመሠረት፥ መሥራቾቹ ኢትዮጵያ፥ ግብፅ፥ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። አቶ ይድነቃቸውም ኢትዮጵያን ወክለው ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ናቸው። በዚያው ወር የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሊደረግ ሲል፥ ደቡብ አፍሪካ ነጮችና ጥቁሮች የተቀላቀሉበት ቡድን አልልክም ስላለች ከውድድሩ ውጭ ሆነች። ኢትዮጵያም ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አራቱንም ጐሎች ያገባው ዲባ የሚባለው ግብፃዊ ነበር። ያን ቀን ኮከቡ ማን ነው ቢባል መልሱ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ ሜዳ ላይ በቆዳው ቀለም ምክንያት የቀረ ስንት ደቡብ አፍሪካዊ ነበረ? እርሱን ማንም ሊቈጥረው አይችልም።

ከአምስት ዓመት በኋላ ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ተደረገ። የኢትዮጵያን ቡድን በአሠልጣኝነት ከመሩት አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ቡድናችን ቱኒዚያን 4 ለ 2 ካሸነፈ በኋላ፥ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በፍጻሜው ከግብፅ ጋር ተገናኘ። ግብፆች ሁለት ጊዜ ሲመሩ የእኛዎቹ ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፥ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጐል አግብተው ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

እኔና ጓደኞቼ ይህን ታሪክ ካነበብን በኋላ፥ የ1954ቱ ኮከብ ማን ነበር ብለን አንድ ማታ ሙሉ ተከራከርን። አንዱ መንግሥቱ ወርቁ ነው አለ፤ በውድድሩ ብዙ ጐል ካገቡት ውስጥ ነውና። ሁለተኛው ሉቻኖ ነው አለ፤ ሁለት ጊዜ የተመራ ቡድን ልቡ እንዳይሰበር የሚያደርገው አምበሉ ነውና። ሦስተኛው ለኢታሎ ተሟገተ። በመጨረሻ አንድ ዝምተኛ ልጅ የበረኛውን ስም የሚያውቅ እንዳለ ጠየቀ። ማናችንም አላወቅንም። ፈልገን ጊላ ሚካኤል ተክለ ማርያም መሆኑን ባገኘን ጊዜ፥ እኔ አፍሬ ዓይኔን ወደ መሬት አቀረቀርሁ፤ የእኛን በረኛ አስታውሼ ነውና።

የአቶ ይድነቃቸው ትልቁ ሥራ ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። በዚያን ጊዜ የዓለም ዋንጫ አዘጋጆች ለአፍሪካ አንድም የራሷ ቦታ አልሰጧትም ነበር፤ ከእስያ ጋር ለአንዲት ቦታ እንድትሻማ ብቻ ተፈቀደላት። አቶ ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ይህን በደል በመቃወም ግንባር ቀደም ሆኑ፤ አፍሪካም በ1958 ዓ.ም. በእንግሊዝ ከተደረገው የዓለም ዋንጫ ቀረች። በዚያ ዋንጫ 9 ጐሎች አግብቶ ከሁሉ የበለጠው ኤውዜቢዮ የሞዛምቢክ ተወላጅ ነበር፤ ነገር ግን የለበሰው የፖርቱጋልን ማልያ ነው። የአፍሪካ ልጅ ኮከብ ሲሆን አፍሪካ ራስዋ በቦታው አልነበረችም። ተቃውሞው ግን ፍሬ አፈራ፤ በ1962ቱ ዋንጫ ለአፍሪካ አንድ ቦታ ተሰጣት፥ ሞሮኮም ወከለቻት። በ1974 ዓ.ም. ቦታው ሁለት ሆነ። ለ2018ቱ ዋንጫ ደግሞ ዘጠኝ ቀጥተኛ ቦታዎች ተመድበዋል።

በ1964 ዓ.ም. አቶ ይድነቃቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም 15 ዓመት ያህል መሩት። የደቡብ አፍሪካን የዘር አገዛዝ ከእግር ኳስ ዓለም ለማስወጣት ሳይታክቱ ታገሉ፤ በ1968 ዓ.ም. የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት ሰረዘ። ከካንሰር ሕመም ጋር ታግለው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ሲያርፉ፥ 66 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀናት ብቻ ቀርተዋቸው ነበር።

የደከሙለት ነገር ሁሉ በሕይወታቸው ሳሉ አልተፈጸመም። በፈረንሳይ አገር በየዓመቱ የሚሰጠው ወርቃማ ኳስ የተባለው ታላቅ የግል ሽልማት ለብዙ ዓመታት ለአውሮፓ ዜጎች ብቻ ነበር፤ አፍሪካዊ የቱን ያህል ቢጫወት ለምርጫ እንኳ አይቀርብም። ደንቡ ተለውጦ የላይቤሪያው ጆርጅ ዊሃ ሽልማቱን ያገኘው በ1988 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ደቡብ አፍሪካ በነጭና በጥቁር ልጆችዋ የአፍሪካን ዋንጫ በላች። አቶ ይድነቃቸው ይህን ሁለቱንም ሳያዩ ዘጠኝ ዓመት ያህል አልፎ ነበር።

ይህን ሁሉ ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ ለአያቴ አነበብሁላቸው። አያቴ ኳስ አያውቁም፤ ዱቡሻ ግን ያውቃሉ። በጋሞ አገር ነገር በዱቡሻ ሲታይ ማንም ምክንያቱን ሳይናገር እንደማይፈርድ፥ ወገን ያለውም ሰው ወገኑን በአደባባይ እንደማይደብቅ አስረዱኝ። ደግሞም ሀለቃ ሆኖ የተሾመ ሰው ክብሩን የሚቀበለው ሕዝብን ደግሶ በማብላት ስለ ሆነ፥ ክብር ማለት ዕዳ ማለት እንደሆነ ነገሩኝ። እኔም የአቶ ይድነቃቸውን ሕይወት በዚህ ተረዳሁት። የ318 ጐሎች ክብር ነበራቸው፤ ያንን ክብር እንደ ዕዳ ቈጥረው ሜዳ ላጡት ሜዳ በመክፈት ከፈሉት።

በማግሥቱ ወደ በረኛው ሄጄ ያደረግሁትን ሁሉ ነገርሁት። ብዙ አልተናገረም። የጐሉ አፍ ላይ ያለው ድንጋይ እስካሁን እንዳለ ብቻ ጠየቀኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ጋቢውን አውልቆ ቍጥቋጦ ላይ ሰቅሎ፥ ሦስታችንም ድንጋዩን ስንለቅም ዋልን። ሌሎችም እያዩን መጡ። መራጮቹም በዚህ ዓመት አዲስ ደንብ አወጣን፤ ዘመዱ ለውድድር የቀረበ መራጭ ከምርጫው ይወጣል፥ የቀረውም ምክንያቱን በሁሉ ፊት ይናገራል።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ኮከቡ ማን ነው የሚለው ክርክር አይቅር፤ ጨዋታን ያጣፍጣልና። ነገር ግን ከመከራከራችን በፊት ሜዳው ለሁሉ እኩል መሆኑን እንመልከት። ጉሙ ሲገለጥ በረኛችን እንደ ገና በጐሉ መካከል ቆሞ አያለሁ፤ ይህም ለእኔ ከጋቢው ይበልጥብኛል።