ዋሽንት በኦርኬስትራ መድረክ፦ የዶክተር አሸናፊ ከበደ ሕይወትና ሥራ

በአውሮፓና በአሜሪካ የባሮክ ዘመን ሙዚቃን በጥንቱ ዓይነት መሣሪያዎች የሚጫወቱ ቡድኖች የቀድሞውን ድርሰት ከዘመናችን ሥራ ጋር አጣምረው በአንድ መድረክ ማቅረባቸው የተለመደ ነው። የእነዚህ ቡድኖች ድካም በአመዛኙ የተቋረጠን የአጨዋወት ልማድ ከጽሑፍ መልሶ ማንሣት ነው። በኢትዮጵያ ግን ዜማው በቅኔ ማኅሌት፣ ዋሽንቱ በእረኛው፣ መሰንቆውም በአዝማሪው እጅ እስከ ዛሬ ዘልቋል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ የሚነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፦ በሕይወት ያለው ጥንታዊ ሙዚቃ ከአዲሱ ድርሰት ጎን በምን ማዕረግ ይቆማል? ይህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ ዕድሜያቸውን የሰጡትን የዶክተር አሸናፊ ከበደን ሕይወት በአጭሩ ይቃኛል።

አሸናፊ ከበደ በ1938 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ተወለዱ። ወደ አሜሪካ ተሻግረው በሮቼስተር ከተማ በሚገኘው የኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሩ። ወደ አገራቸው ሲመለሱም በ1960ዎቹ የያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኝ ሲሆን፣ ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንትና በገና ከፒያኖና ከቫዮሊን ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰጡበታል። የባለሙያው ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ በቃል ብቻ ሲተላለፍ በኖረበት አገር ይህ ቀላል እርምጃ አልነበረም።

በድርሰት ረገድ ይበልጥ የሚታወቁት «እረኛው ባለዋሽንት» በተሰኘው የኦርኬስትራ ሥራቸው ነው። ሥራው በሃንጋሪ ኦርኬስትራ ተጫውቷል። የሃንጋሪው ዞልታን ኮዳይ የገበሬውን ዜማ እየሰበሰቡ የአዲስ ድርሰት መሠረት እንዳደረጉት ሁሉ፣ አሸናፊም የአገራቸውን ዜማ ለአዲስ ሥራ ምንጭ አድርገውታል። «ኮቱራሲያ» በተባለው ሥራቸው ደግሞ የጃፓኑን ኮቶ ከምዕራባውያን መሣሪያዎች ጋር አገናኝተዋል።

እንዲህ ያለው ጥምረት የራሱ ፈተና አለው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ አምስት አምስት ድምፅ ያላቸው ቅኝቶች ናቸው፤ የድምፆቹ ርቀትም ፒያኖ ከተቃኘበት እኩል ክፍፍል ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። ባለ አራት ቀዳዳው ዋሽንትም አንዱ ከሌላው በርዝመትና በድምፅ ይለያያል፤ ተጫዋቹ እንደ ዘፈኑ እየመረጠ የሚነፋቸው በርከት ያሉ ዋሽንቶች ይይዛል። ኦርኬስትራው የእረኛውን ዜማ ሲቀበል ዜማው ሰፊ አድማጭ ያገኛል፤ ነገር ግን የትንፋሹን ጌጥና የቅኝቱን ለዛ በከፊል ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የዜማውን ጠባይ የሚያጠና ምርምር ከድርሰቱ ሥራ ጋር አብሮ መሄድ ነበረበት።

አሸናፊም ወደ ምርምር አተኮሩ። በ1971 እ.ኤ.አ. ከዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ በኢትኖሙዚኮሎጂ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ፤ የጥናታቸው ርዕሰ ጉዳይም የኢትዮጵያ ሙዚቃ ዕድገትና ባህላዊ መሠረት ነበር። ስለ ክራርና ስለ ዘመናዊ ሙዚቃ ጽሑፎችን አሳተሙ፤ በ1982 ደግሞ የጥቁር ሕዝቦችን ሙዚቃ ሥረ መሠረት የሚመለከት መጽሐፍ አወጡ። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በመጨረሻም በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተምረው በ1998 እ.ኤ.አ. ከአገራቸው ርቀው አረፉ።

ዋና ዋና ጥናቶቻቸው የተጻፉት በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ዕውቀቱ ከመነጨበት ማኅበረሰብ ይልቅ ለውጭው አንባቢ ቀርቧል። ይህ ክፍተት ለዛሬው ተመራማሪ የቤት ሥራ ነው። በዋግ ኽምራ ደጋ የእረኛውን ዋሽንት፣ በሰቆጣና በአምደወርቅ ዙሪያ የመሪጌታውን ዜማ የሚቀዳ ተማሪ ድምፁን ብቻ ይዞ ቢመለስ ሥራው ጎዶሎ ይሆናል። ባለሙያዎቹ ለዜማው ክፍሎች፣ ለቅኝቱና ለአጨዋወቱ የሚሰጡትን ስያሜ በአማርኛም በኽምጣኛም አብሮ መመዝገብ ይገባዋል። አዲሱ ድርሰት ጥንታዊውን እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ አቻ ሊያስተናግደው የሚችለው፣ ጥንታዊው በራሱ ቋንቋና ሥርዓት ሲታወቅ ነው።