ስሙን ሸጦ መልሶ የገዛው ከበሮ ሠሪ
የዊልያም ሉድዊግ ታሪክ

በዘመናዊ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ በሁለት እጁና በሁለት እግሩ የሚሠራውን ከበሮ መቺ ያላየ አንባቢ አለ ብለን አንገምትም። ነገር ግን ድራም የሚባለውን ይህን የከበሮ ስብስብ አንድ ሰው ብቻውን ሊመታው የቻለው እንዴት ነው ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ የዊልያም ሉድዊግን ሕይወት ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። የዚህን ሰው ታሪክ ያወቀ፥ አንድ አሮጌ ድራም ባየ ጊዜ ዘመኑን ለመለየት አይቸገርም። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሉድዊግ በ1879 ዓ.ም. በጀርመን አገር ተወለደ። በ1887 ዓ.ም. በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በቺካጎ ከተማ አደገ። አባቱ ትሮምቦን ነፊ ነበር፤ ልጁም ከበሮ ተምሮ በሰርከስና በቴአትር ቤት እየመታ እንጀራውን ያገኝ ጀመር።

በዚያ ዘመን ትልቁን ከበሮ በእግር ለመምታት የሚያገለግሉ መሣሪያዎች ቢኖሩም፥ ራግታይም የተባለው አዲስ ሙዚቃ የሚጠይቀውን ፍጥነት ሊከተሉ አልቻሉም። ሉድዊግም በሥራው ላይ ይህ ስላስቸገረው፥ ሲረግጡት ቶሎ መትቶ ቶሎ የሚመለስ ፔዳል በእንጨት አበጀ። ሌሎች ሙዚቀኞችም ስለ ፈለጉት፥ በ1909 ዓ.ም. ከወንድሙ ከቲዮባልድ ጋራ ሆኖ «ሉድዊግና ሉድዊግ» የሚባል ድርጅት አቋቋመ።

ሥራው እየሰፋ ሄደ፤ ኀዘን ግን አልቀረም። በአገራችን የኅዳር በሽታ የተባለው የ1918 ዓ.ም. ወረርሽኝ ወንድሙን ቲዮባልድን ገደለበት። ከ1927 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ድምፅ ያለው ሲኒማ ስለ መጣ፥ ድምፅ በሌለው ፊልም ሥር ይመቱ የነበሩ ብዙ ከበሮ መቺዎች ሥራ ፈቱ፤ ገበያውም ተዳከመ። በ1929 ዓ.ም. ድርጅቱ ኮን ለተባለ የሙዚቃ መሣሪያ ፋብሪካ ተሸጠ። ሥራው ወደ ኤልክሃርት ከተማ ተዛወረ፤ ሉድዊግም ገና ስሙ በከበሮው ላይ ተጽፎ ሳለ በሌላ ሰው ድርጅት ውስጥ ተቀጣሪ ሆነ።

ይህን ኑሮ ግን እስከ መጨረሻው አልወደደውም። ዕድሜው ወደ 60 ሲቃረብ፥ ብዙ ሰው ዕረፍት በሚያስብበት ጊዜ፥ በ1937 ዓ.ም. በቺካጎ ሌላ ፋብሪካ ከፈተ። ስሙን ከድርጅቱ ጋራ ሸጦታልና ሉድዊግ ብሎ ሊጽፍ አልተፈቀደለትም። ስለዚህ የስሙን መነሻ ፊደላት ብቻ ወስዶ ከበሮዎቹን «ደብልዩ ኤፍ ኤል» አላቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብረቱ ለጦር መሣሪያ ስለ ተፈለገ፥ የከበሮውን ማያያዣ ሳይቀር ከእንጨት እያበጀ ሥራውን ቀጠለ። በመጨረሻም በ1955 ዓ.ም. ከልጁ ጋራ ሆኖ የቀድሞ ስሙን ከኮን መልሶ ገዛ።

የካቲት በገባ በ9ኛው ቀን፥ በ1964 ዓ.ም. የቢትልስ ከበሮ መቺ ሪንጎ ስታር በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲቀርብ 73 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ተመለከተው። በትልቁ ከበሮው ፊት ከጓዱ ስም በላይ ሉድዊግ የሚል ተጽፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ፋብሪካው ቀንና ሌሊት ቢሠራ እንኳ ፈላጊውን ለማዳረስ ተቸገረ። ሉድዊግ ይህን ሁሉ አይቶ፥ ዕድሜው ከ90 ዓመት ካለፈ በኋላ በ1973 ዓ.ም. ዐረፈ።

እንግዲህ አሮጌ ድራም የሚመረምር ሰው በጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ የብረት ምልክት አስቀድሞ ይመልከት። «ሉድዊግና ሉድዊግ፥ ቺካጎ» ብትል ከሽያጩ በፊት ናት፤ ኤልክሃርት ብትል ከሽያጩ በኋላ ናት፤ ሦስቱ ፊደላት ካሉባት ሰውዬው በስሙ መጠራት ያልቻለበት ጊዜ ነው። ሉድዊግ የሚለው ስም ከተራ ቍጥር ጋራ ከተቀረጸባት ግን ከ1963 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ የተሠራ ነው። ሆኖም ምልክት ከአንዱ ተነቅሎ በሌላው ላይ ሊተከል ስለሚችል በእርስዋ ብቻ መታመን አይገባም። ውስጡንም ማየት ያስፈልጋል፤ በ1960ዎቹ በተሠሩት በብዙዎቹ ላይ ቀኑ በቀይ ቀለም ታትሞ ይገኛል። የዚያ ጊዜ ከበሮ ገላው ሦስት ስስ የእንጨት ሽፋን ሆኖ ከላይና ከታች በእንጨት ቀለበት የተደገፈ ነው። በኋላ የተበሳ ቀዳዳ ካለ ዋጋው ይቀንሳል።

ገና ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶች ከዚህ ሰው ታሪክ አንድ ነገር እንድትይዙ እንወዳለን። ሉድዊግ ስሙን ባጣ ጊዜ በእጁ የቀረው ሙያው ብቻ ነበር። 18 ዓመት በሦስት ፊደላት እየሠራ ታገሠ፤ ስሙም ተመለሰለት። ከመቃብር በላይ የሚቀር ስም እንዲህ ባለ ሥራ ይገኛል።