ውድቀታቸውን የቆጠሩት ሐኪም

አክስቴ ከሰቆጣ ተነስታ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ሆስፒታል የአንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት በኋላ አዲስ አበባ የመጣችው አንዲት ወረቀት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነበር። ወረቀቷ ሆዷ ተከፍቶ የካንሰር ዕባጭ እንደወጣላት ከመግለጽ በቀር ሌላ አትናገርም። ዕባጩ የቱ ጋ ነበር? ምን ያህል አንጀት ተቆረጠ? ስንት ንፍፊት አብሮ ወጣ? ኬሞ ያስፈልጋት እንደሆነ ለመወሰን ሐኪሟ የጠየቁት ይህንኑ ነበር። መልስ የሚሰጥ ግን አልተገኘም።

የእንግሊዛዊውን ቀዶ ሐኪም የዊልያም ኧርነስት ማይልስን ታሪክ ያነበብኩት ያን ሰሞን ነው። ለመሆኑ ማይልስ ማን ነበሩ?

እ.ኤ.አ. በ1869 በካሪቢያኗ ትሪኒዳድ ተወለዱ። ለንደን በሚገኘው ቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ሕክምና ተማሩ። ከዚያም ሙያቸውን ለትልቁ አንጀት ጫፍ፣ ማለትም ለፊንጢጣ በሽታዎች ሰጡ። በዘመኑ የፊንጢጣ ካንሰር የሚወጣው ከታች፣ በመቀመጫ በኩል ነበር። እርሳቸውም እ.ኤ.አ. ከ1899 እስከ 1906 በዚሁ ዘዴ 57 ሰዎችን አከሙ።

ሌላው ቢሆን ሕመምተኛው በእግሩ ሲሄድ አይቶ በረሳው ነበር። ማይልስ ግን ተከታተሉ። ከ57ቱ በ54ቱ ላይ ካንሰሩ ተመልሶ መጣ። ቁጥሩን አልደበቁትም። የሞቱትን አስከሬን መርምረው በሽታው ወደ ታችና ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም እንደሚዛመት አስተዋሉ፤ ከታች የገባ ቢላዋ ደግሞ ያን የላይኛውን መንገድ አይደርስበትም።

እ.ኤ.አ. በ1908 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት አዲሱን ዘዴ አሳተሙ። በሆድም በመቀመጫም ገብቶ ሁሉንም በአንድነት ማውጣት ነው። እኔን የማረከኝ ዝርዝሩ ነው። አምስት ሕግጋት አስቀመጡ፤ ሰገራ መውጫው በሆድ ላይ ይከፈት፣ የታችኛው አንጀት ይውጣ፣ አንጀቱን የሚይዘው ስብና ሽፋን አብሮ ይውጣ፣ በትልቁ የደም ሥር መገንጠያ ያሉት ንፍፊቶች ይነሱ፣ የመቀመጫው ቆረጣም ሰፊ ይሁን። ከዚያ ወዲህ የትኛውም ቀዶ ሐኪም ሥራውን የሚለካበት ሚዛን አገኘ።

ዋጋው ከባድ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ 12 ሕመምተኞች አምስቱ ሞቱ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1923 ካንሰሩ የሚመለስባቸው ሰዎች ወደ 30 በመቶ ገደማ ወርደው ነበር። ዘዴው ከዚያ በኋላ ብዙ ተሻሽሏል፤ ዛሬ ብዙዎች ዕድሜ ልክ በሆድ መጸዳዳት አያስፈልጋቸውም።

የሪፖርቱን ነገር ያሟሉት የለንደኑ የቅዱስ ማርቆስ ሆስፒታል ፓቶሎጂስት ኩትበርት ዱክስ ናቸው። የወጣውን አንጀት እየመረመሩ እ.ኤ.አ. በ1932 በሦስት ደረጃ ከፈሉት፤ ካንሰሩ ከአንጀቱ ግድግዳ ካላለፈ ኤ፣ ግድግዳውን ካለፈ ቢ፣ ንፍፊት ከደረሰ ሲ። በዛሬው መመዘኛ በትልቁ አንጀት ካንሰር ቢያንስ 12 ንፍፊቶች ተመርምረው ቁጥራቸው በሪፖርቱ ይጻፋል።

ማይልስ እ.ኤ.አ. በ1947 አረፉ። የአክስቴ ሐኪም ግን በዚህ ዘመን በግምት ለመወሰን ተገደዱ። ከዋግ ኽምራ ተራሮች ናሙናን በፎርማሊን አድርጎ ፓቶሎጂስት ዘንድ ማድረስ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ምን እንደተቆረጠና የት እንደተቆረጠ በአንድ ገጽ ቅጽ ላይ መሙላት ግን ከብዕርና ከቅንነት በቀር ምን ይጠይቃል? ሰቆጣም ሆነ አዲስ አበባ፣ ቅጹ አንድ ዓይነት ቢሆን ሕመምተኛው ታሪኩን በነጠላ ጫፍ ቋጥሮ አይዞርም ነበር።