የሌስሊ ብራውን ታሪክ፤ ወፎችንና የዱር እንስሳትን በትዕግሥት ስለ ተመለከተ ሰው

በጎባና በሮቤ የሚኖር ሰው ማለዳ ደጁን ሲከፍት ጋጋኖዎች ረዥም ማንቁራቸውን በጓሮው ሣር ውስጥ እየተከሉ ትል ሲለቅሙ ያያል፤ በአጥሩም ላይ ማጅራቱ ነጭ፥ ማንቁሩ ወፍራም የኾነ ትልቅ ቁራ ተቀምጦ ሲጮኽ ይሰማል። ይህን በየቀኑ የሚያይ ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ስንት ነበሩ፥ በየትኛው ወር በዙ፥ ጎጇቸውንስ የት ሠሩ ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የሚሰጥ ሰው ጥቂት ነው። ከዚህ በታች ታሪኩ የሚነገረው ሰው የዕድሜውን ብዙ ክፍል እንደዚህ ያለውን ጥያቄ በመመርመር አሳለፈ። ሥራውም ለባሌ ምድር ስለ ጠቀመ፥ የባሌ ልጆች ስሙን ሊያውቁት ይገባል። በዚህ ታሪክ የተጻፈው የዓመት ቍጥር ኹሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሌስሊ ሂልተን ብራውን በ1917 በሕንድ አገር ከብሪታንያውያን ወላጆች ተወለደ። በስኮትላንድም በሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ የእርሻ ዐዋቂ ኾነ። በ1940 ወደ ናይጄርያ ሄዶ በእርሻ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ፤ በ1946 ደግሞ ወደ ኬንያ ተዛወረ። በዚያም እስከ 1963 ድረስ እየሠራ ከመሥሪያ ቤቱ ከፍተኛ ሹማምንት አንዱ ለመኾን በቃ። ደመወዝ የሚከፈለው ስለ እርሻ ሥራ እንጂ ስለ ወፍ አልነበረም፤ ወፎችን የሚመለከተው ሌሎች ሰዎች በሚያርፉበት ሰዓት ነበረ። ይሁን እንጂ ስሙ በዓለም የተሰማው በዚህ በትርፍ ጊዜው በደከመው ድካም ነው።

ከኬንያ ተራራ በስተ ደቡብ በኤምቡ አውራጃ ልዩ ልዩ ዐይነት ንስሮች ጎጆ ሠርተው የሚኖሩበት አንድ ኮረብታ አለ። ብራውን ይህን ኮረብታ ካገኘ በኋላ የንስሮች ኮረብታ ብሎ ጠራው፤ አንድ ጊዜም አይቶ አልተወውም። ከዓመት ወደ ዓመት እየተመላለሰ የትኛው ጎጆ እንቁላል እንደ ተጣለበት፥ የትኛው ባዶ እንደ ቀረ፥ የትኛው ጫጩት አድጎ እንደ በረረ በመዝገብ ይጽፍ ነበር። ለ30 ዓመታት ያህልም በዚህ ሥራ ጸና።

ይህ ትዕግሥት ምን እንዳስገኘ ከአንድ ምሳሌ ልንረዳ እንችላለን። በአፍሪካ ጫካ ዘውድ የመሰለ ጉትዬ ያለው፥ ጦጣና ድኵላ የሚያድን ብርቱ ንስር አለ። ብራውን ይህን ንስር ብዙ ዓመታት ስለ ተከታተለ፥ ጫጩቱ ከጎጆው ከበረረ በኋላ እንኳ ወላጆቹ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ እንደሚቀልቡት ዐወቀ። ስለዚህ ጥንዶቹ በኹለት ዓመት አንድ ጫጩት ብቻ ያሳድጋሉ። አንድ ዓመት ብቻ የተመለከተ ሰው ጎጆውን ባዶ አግኝቶ ንስሮቹ መካን ናቸው ብሎ በተሳሳተ ነበር። ደግሞም ከእነዚህ ንስሮች አንዱን የሚገድል ሰው በቶሎ የማይተካ ነገር እንዳጠፋ ከዚህ ይታወቃል።

ብራውን ግን ድፍረቱ ከጥንቃቄው የበለጠበት ጊዜም ነበረ። በኬንያ ሐይቆች ዳር ፍላሚንጎ የሚባሉ እግረ ረዣዥም፥ መልካቸው እንደ ጽጌ ረዳ የኾነ ወፎች በብዙ ሺሕ ይሰበሰባሉ። ከእነርሱም ትንሹ ዐይነት በምሥራቅ አፍሪካ እንቁላሉን የት እንደሚጥል የታወቀ ነገር አልነበረም። በ1954 ብራውን ከአውሮፕላን ላይ ኾኖ በናትሮን ሐይቅ መካከል ጎጆዎቻቸውን አገኘ። ይህም ሐይቅ ዛሬ ታንዛንያ በሚባለው አገር ይገኛል። ብራውን ከላይ ማየቱ አልበቃ ብሎት በእግሩ ወደ ጎጆዎቹ ለመድረስ ጭቃውን እየረገጠ ሄደ። የሐይቁ ጭቃ ግን በሚያቃጥል ሶዳ የተሞላ ነው። ሶዳው በጫማው ውስጥ ገብቶ እግሮቹን አቃጠላቸው፤ በጭንቅም ተመልሶ ሊሞት ጥቂት ሲቀረው ወደ ሐኪም ቤት ገባ። ከዳነ በኋላ ግን ሥራውን አልተወም፤ ሐይቁን በጥንቃቄ ይመለከተው ዠመር፤ በ1959ም ስለ ፍላሚንጎዎች መጽሐፍ አሳተመ። ከዚህም ኹለት ነገር እንማራለን፤ ዕውቀትን መፈለግ መልካም እንደ ኾነ፥ ነገር ግን የሚረግጡትን ምድር አስቀድሞ መመርመር እንደሚገባ።

በ1963 የኬንያን መንግሥት ሥራ ትቶ ከባለቤቱ ጋራ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ከእርሱ በፊት ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል የጀርመን ሊቅ ከ1831 እስከ 1833 በኢትዮጵያ ተቀምጦ ስሜንንና ጎንደርን ጐብኝቶ ነበር። ዛሬ በጎባ ጓሮ የምናየውን ጋጋኖና ማንቁረ ወፍራሙን ቁራ፥ በረግረግ የሚግጠውንም ክንፉ ሰማያዊ የኾነውን ዝይ ለዓለም ሊቃውንት ያስታወቀ እርሱ ነው። ሩፔል ግን ወደ ባሌ አልደረሰም። የደጋ አጋዘንም በሊቃውንት መጽሐፍ የተጻፈው በ1910 ነው፤ ስለዚህ ከአፍሪካ ታላላቅ የዱር እንስሳት መካከል በመጨረሻ ከታወቁት አንዱ ኾነ። የአገሩ ሰው ግን ከጥንት ዠምሮ ያውቀው ነበር። ይህ እንስሳ ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ካሉት ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኝም።

ብራውን ወደ አርሲና ወደ ባሌ የመጣው ይህን እንስሳ ለመፈለግ ነበር፤ ምክንያቱም የቀረው ጥቂት ነው የሚል ፍርሃት ስለ ነበረ ነው። የደጋ አጋዘን ቀን በጥድና በኮሶ ዛፍ ሥር፥ ከፍ ባለውም ስፍራ በአስታው ቍጥቋጦ ውስጥ ይሸሸጋል፤ ወደ ሜዳው የሚወጣው ይልቁንም ማለዳና ማታ ነው። ስለዚህ የሚቈጥረው ሰው በብርዱ ሰዓት በኮረብታ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጦ መጠበቅ አለበት። ብራውን በኹለተኛው ጉዞው በ1965ና በ1966 ከቀድሞው የበለጠ ጊዜ ወስዶ መረመረ፤ የአጋዘኑም ቍጥር ከተፈራው ይልቅ ብዙ ኾኖ አገኘው። ኹሉም በጠቅላላው ከ7,000 እስከ 8,000 ሊደርስ እንደሚችል፥ ምናልባትም ከዚያ እንደሚበልጥ ገመተ። መልካሙን ወሬ አልሸሸገም፤ ክፉውንም አልተወም። ጫካው እየተመነጠረና እየተቃጠለ፥ ከብትም እየበዛ ከሄደ ይህ ብዛት እንደማይቈይ አስጠነቀቀ። የባሌም ተራሮች የተጠበቀ ስፍራ እንዲኾኑ መከረ።

ምክሩ በከንቱ አልቀረም። በ1970 ገደማ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ፤ ዋናው ስፍራውም ከሮቤ በስተ ምዕራብ በዲንሾ ኾነ። በ2023ም ፓርኩ በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። ነገር ግን ማስጠንቀቂያውም እውነት ኾነ። በ1991 መንግሥት በተለወጠበት ጊዜ ብዙ አጋዘኖች ተገደሉ፤ ከዚያም ወዲህ እርሻውና ከብቱ ወደ ተራራው እየገፋ ሄደ። ዛሬ በዓለም ያለው የደጋ አጋዘን ከ4,000 በታች እንደ ኾነ ይገመታል። በሳነቴ ሜዳ ፍልፈልና አይጥ እያደነ የሚኖረው ቀይ ቀበሮም በአገሩ ኹሉ 500 አይሞላም፤ ከእነርሱም ከእኩሌታው የሚበልጠው በባሌ ነው። በ2003 ከቤት ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ብዙዎቹን ፈጀ። እንግዲህ አስተውሉ፤ ብራውን በዘመኑ ባይቈጥርና ባይጽፍ ኖሮ፥ እኛ ዛሬ ምን ያህል እንደ ጐደለ በምን እናውቅ ነበር?

ልጆች ሆይ፥ እንደ ብራውን ለመመልከት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልጋችሁም። በአውሮፓ ብርድና በረዶ በሚበረታበት ወራት በእኛ አገር በጋ ነው፤ ሰማዩ ይጠራል፥ በሳነቴም ሌሊት ውኃው ይረጋል። በዚያን ጊዜ ብርዱን የሸሹ ወፎች ከአውሮፓና ከእስያ ወደ ባሌ ይመጣሉ። ጅራቷን ላይና ታች የምታወዛውዝ፥ ደረቷ ቢጫ የኾነች ትንሽ ወፍ በሮቤ መስክ ከከብቶች እግር ሥር ዝንብ ስትለቅም ታገኟታላችሁ፤ ከእስያ ሜዳ የመጡ ንስሮችም በአጨዳው ማሳ ላይ ሲያንዣብቡ ይታያሉ። በሳነቴ ሐይቆች ላይ እንግዶች ዳክዬዎች ይሰበሰባሉ። በመካከላቸውም መልኩ እንደ ዛገ ብረት ቀላ ያለ አንድ ዳክዬ አለ፤ እርሱ ግን በዚያው በባሌ ተራራ የሚራባ ባለ አገር ነው።

መጋቢት በገባ ጊዜ ነገሩ ይለወጣል። ደመናው ይሰበሰባል፥ የበልጉም ዝናብ ይዠምራል፤ ገበሬውም የገና የሚባለውን የበልግ እርሻ ገብስና ስንዴ ይዘራል። ርግቦችና ዋኖሶች የተዘራውን ፍሬ ፍለጋ ወደ ማሳው ይወርዳሉ። የሩቅ አገር ወፎች በመጋቢትና በሚያዝያ ጥቂት በጥቂት እያነሱ ይሄዳሉ፤ መሄዳቸውንም ብዙ ሰው የሚያስተውለው ከጠፉ በኋላ ነው። የአገሩ ወፎች ግን ይቀራሉ፤ ክንፈ ሰማያዊው ዝይ ጥንድ ጥንድ ኾኖ በረግረጉ ዳር ይግጣል፥ ጋጋኖም በረጠበው ጓሮ ማለዳ ማለዳ ይጮኻል።

ስለዚህ ከእናንተ አንዱ አንድ ደብተር ይያዝ፤ ከኅዳር ዠምሮ እስከ ሚያዝያ በየሳምንቱ አንድ ቀን፥ በአንድ ሰዓት፥ በአንድ ስፍራ ተቀምጦ ያየውን ይጻፍ። ቀኑን፥ የአየሩን ኹኔታ፥ የወፉን መልክ፥ ቍጥሩንና የሚበላውን ይመዝግብ። ስሙን ያላወቀው እንደ ኾነ ሽማግሌዎችን ይጠይቅ፤ የባሌ ገበሬና እረኛ በመጽሐፍ ያልተጻፈ ብዙ ዕውቀት አለውና። ያላየውን አየሁ ብሎ አይጻፍ፤ ምንም ያላየበትንም ቀን አላየሁም ብሎ ይጻፈው፤ ይህም ራሱ ዕውቀት ነው። ጎጆ ባገኘ ጊዜ እንቁላሉን አይንካ፤ ውሻውንም አስክትቦ በቤቱ ይጠብቅ እንጂ ወደ ተራራው አይልቀቅ።

ሌስሊ ብራውን በ1980 በኬንያ ሞተ። ከዲን አማዶን ጋራ ስለ ዓለም ንስሮችና ጭልፊቶች የጻፈው ታላቅ መጽሐፍ በ1968 ታትሞ ነበር፤ ከሌሎች ሊቃውንት ጋራ ስለ አፍሪካ ወፎች ያዘጋጀው መጽሐፍ የመጀመሪያ ክፍል ግን የወጣው እርሱ ከሞተ በኋላ በ1982 ነው። ሥራውን ፍጹም ኾኖ ለማየት አልታደለም፤ ይሁን እንጂ የጻፈው ከእርሱ በኋላ የመጡትን ሲረዳ ይኖራል። የዱር እንስሳት ስለ ራሳቸው ሊመሰክሩ አይችሉም፤ መጥፋታቸውን የሚናገርላቸው ቀድሞ የቈጠራቸው ሰው ነው። የባሌን ወፎችና አጋዘኖች ወደ ፊት የሚቈጥር ሰው ከባሌ ልጆች መካከል እንዲነሣ፥ ዛሬ በጓሯችሁ ካለችው ከአንዲቱ ወፍ ዠምሩ።