ናቡከደነፆርና የባቢሎን ጡቦች

የናቡከደነፆርን ስም ከትንቢተ ዳንኤል ያልሰማ ተማሪ የለም። ነገር ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው አጥፊነቱን ብቻ ነው። ይህ ሰው ታላቅ ሕንፃ አሠሪም ስለ ነበረ፣ የሕይወቱን ታሪክ በአጭሩ ለመጻፍ አስቤአለሁ።

ናቡከደነፆር የባቢሎን ንጉሥ የናቦፖላሰር ልጅ ነበረ። ገና አልጋ ወራሽ ሳለ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ605 ዓመት፣ የግብፅን ጦር በኤፍራጥስ ወንዝ ዳር በከርከሚሽ ድል አደረገ። በዚያው ዓመት አባቱ ስለ ሞተ ገሥግሦ ተመልሶ ዙፋኑን ያዘ። በ597 ኢየሩሳሌምን እጅ አሰጥቶ ጠራቢዎቿንና ብረት ሠራተኞቿን ማርኮ ወሰደ። ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ይሁዳ ስላመፀበት ከተማይቱንና ቤተ መቅደሱን አቃጠለ፤ የንጉሡን የሴዴቅያስንም ዓይን አሳወረ።

ይኸው ሰው የራሱን ከተማ እጅግ አስጌጠ። የባቢሎን ምድር ደለል ስለ ሆነ ለሕንፃ የሚበቃ ድንጋይ የለውም። ስለዚህ ሠራተኞቹ ሸክላውን በቅርጽ ማውጫ እያተሙ ጡብ አደረጉት። እያንዳንዱ ጡብ የሚይዘው የአውሬውን አካል አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ አንዱ ጥፍሩን፣ አንዱ ጋማውን። ጡቦቹ በእሳት ተተኵሰው በየቦታቸው ሲደረደሩ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ሙሉ አንበሳ ይታያል። አላፊ አግዳሚው ሁሉ እንዲያያቸው በኢሽታር በር ላይ ኮርማዎችና ዘንዶዎች፣ ወደ በሩ በሚወስደው ሰፊ መንገድ ግራና ቀኝ ደግሞ አንበሶች ተሠሩ። ንጉሡ መንገዱን ደጋግሞ ከፍ ስላደረገው ቀለም የሌላቸው የፊተኞቹ ቅርጾች ከአፈር በታች ቀሩ፤ ከበላያቸውም በሚያብለጨልጭ ሰማያዊ መደብ ላይ ሌሎች ተተኩ።

ናቡከደነፆር 43 ዓመት ነግሦ በ562 ሞተ። ከተማውም ከጊዜ በኋላ ፈረሰ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1899 ሮበርት ኮልደቫይ የተባለ ጀርመናዊ ቁፋሮ ጀመረ፤ ባለ ቀለሞቹ ስብርባሪዎች ወደ በርሊን ተወስደው ተገጣጠሙና በ1930 ለሕዝብ ታዩ። አፈር የሸፈናቸው ግን ዛሬም በኢራቅ በቦታቸው ቆመዋል።

ንጉሡ እንዳይረሳ ስሙን በጡቦቹ ላይ አሳትሞ ነበር፤ አልተረሳምም። ያቃጠለው ከተማም አብሮት ይታወሳል። አንበሶቹን የቀረጹት ሰዎች ስም ግን የትም አልተጻፈም። እኛስ ዛሬ በዓሉን የምናከብርለትን የዚህን ትምህርት ቤት ግድግዳ ያቆሙትን ግንበኞች ስም የምናውቅ ስንቶቻችን ነን? በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን የምንወጣ ተማሪዎች፣ ስማችን ባይጻፍም እንኳ የሚቆም ሥራ ለመሥራት እንትጋ።