ንጉሠ ነገሥቱ የጐተቱት መድፍ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጐንደር የሚጓዝ ሰው የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ወረታን ካለፈ በኋላ ይፋግን ያገኛል። ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ የታጠፈ እንደ ሆነ ግን መንገዱ ሽቅብ ይሆንበታል፤ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ከወጣ በኋላም 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ከደብረ ታቦር ይደርሳል። ይህን ዳገት በበጋ ፀሐይ በቢስክሌት ለመውጣት የሚነሡ ጓደኛሞች አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ አንድ ሕግ አለ። በቡድን ጉዞ ፊት የሚቀድመው ነፋሱን ይቀበላል፤ የኋለኞቹ በእርሱ ከለላ ያርፋሉ፤ እርሱ ሲደክም ሌላው ይተካዋል። ፊተኛው ጓደኞቹን ጥሎ የሄደ እንደ ሆነ ግን ፍጥነቱ ለቡድኑ አይቈጠርለትም።

የዚህ ሕግ ጽናት አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ባሸነፈበት በ1952 ዓ. ም. የሮማ ኦሊምፒክ ታይቷል። በ100 ኪሎ ሜትር የቡድን የቢስክሌት ውድድር ከየአገሩ አራት አራት ሰው ሲሰለፍ የቡድኑ ሰዓት የሚያዘው ሦስተኛው ሰው ሲደርስ ነበር። የዴንማርክ ቡድን ከአራቱ አንዱን ሙቀቱ ስላስወጣበት ከቀሩት ከሦስቱ አንድ እንኳ እንዳይጐድል ግድ ሆነበት። ክኑድ ኤነማርክ የንሰን የተባለው ወጣት ሲዝል ጓደኞቹ ደግፈው ሊያደርሱት ሞከሩ፤ እርሱ ግን ወድቆ ራሱን ተመታና በዚያው ቀን ሞተ። እንግዲህ ቡድን የሚለካው በፊተኛው ሰው ብርታት ብቻ ሳይሆን በኋለኛውም ሰው አቅም ነው።

ይህን ሕግ ይዘን ወደ ደብረ ታቦር ስንመለስ ትዝ የሚሉን ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በእርሳቸው ዘመን በዚህ አገር ቢስክሌት አልታየም፤ ነገር ግን በታሪካችን ከታዩት የኅብረት ጉዞዎች እጅግ ከባድ ከሚባሉት አንዱ የተነሣው ከዚህችው ከተማ ነው።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ. ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። በልጅነታቸው በገዳም ተማሩ፤ ጐልምሰውም በቋራ በረሓ ሸፈቱ። ከዚያ በኋላ የመሳፍንቱን ኃይል በየተራ ሰበሩ። በኅዳር ወር 1845 ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጐሹን፣ በሰኔ ወር 1845 አይሻል ላይ የደብረ ታቦሩን ጌታ ራስ ዓሊን፣ በየካቲት ወር 1847 ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አደረጉ። ወዲያውም በደረስጌ ማርያም ዘውድ ጭነው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። በዚህም ዘመነ መሳፍንት ተፈጸመ።

አዲሱ ንጉሠ ነገሥት የተረከቡት አገር መንኰራኩር የሚሽከረከርበት መንገድ አልነበረውም። ለምሳሌ ይፋግ በዚያ ዘመን ስሙ የታወቀ ትልቅ ገበያ ነበረ፤ ነገር ግን አሞሌው ጨውም ሆነ ሌላው ሸቀጥ ከዚያ የሚደርሰው በአህያና በበቅሎ ጀርባ፣ በሰውም ትከሻ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን አገርን አንድ ለማድረግ መድፍ እንደሚያስፈልግ፣ መድፍም ሠረገላ፣ ሠረገላም መንገድ እንደሚሻ ተረዱ። ስለዚህ ደብረ ታቦርን ከጐንደር፣ ከጎጃምና ከመቅደላ ጋራ የሚያገናኝ መንገድ ማሠራት ጀመሩ። ሥራውንም በትእዛዝ ብቻ አልተዉትም፤ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ ይሠሩ ነበር። ንጉሡ ድንጋይ ተሸክመው ያየ መኰንን እጁን አጣጥፎ ሊቆም አልቻለም።

ለደብረ ታቦር ቅርብ በሆነችው በጋፋት ደግሞ ዋልድማየርንና ዛልሙለርን የመሳሰሉ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንን አስቀምጠው መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዙ። እነዚህ ሰዎች ወደ አገራችን የመጡት ወንጌል ለማስተማር እንጂ ብረት ለማቅለጥ አልነበረም። ያም ሆኖ በየጊዜው እየሞከሩ ትንንሾቹን ከሠሩ በኋላ በ1859 ዓ. ም. ትልቁ መድፍ ወጣ። ስሙም በክሪሚያ ጦርነት ዝነኛ በሆነችው ከተማ ሴባስቶፖል ተባለ፤ ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነበር። ብረት ሠሪ ቡዳ እየተባለ በሚናቅበት ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ ለእጅ ሥራ የሰጡት ክብር ሊረሳ አይገባውም።

ዳሩ ግን መድፉ ሲበረታ ቡድኑ ይሳሳ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ለወታደር ለማዋል በማሰባቸው ከካህናቱ ተጣሉ፤ ጳጳሱን አቡነ ሰላማን አሰሩ። በ1857 ዓ. ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡ፤ በላስታ ዋግሹም ጐበዜ ተነሡ። ከእንግሊዝ መንግሥት ለጻፉት ደብዳቤ መልስ በመጥፋቱ ተቈጥተው ቆንሲሉን ካሜሮንን ከሌሎች አውሮፓውያን ጋራ አሰሩ። በ1859 ዓ. ም. ጐንደርን አቃጠሉ። መንገዱ የሚያልፍበትና ሠራዊቱን የሚቀልበው የበጌምድር ገበሬም ተዘረፈ። ቀድሞ 60 ሺህ ይገመት የነበረው ሠራዊት እየከዳ ወደ 10 ሺህ ገደማ ወረደ።

በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ. ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፎቹን አስጐትተው ወደ መቅደላ ተነሡ። ሴባስቶፖል በሠረገላ ተጭኖ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች በጠፍር ይስቡታል፤ ፊተኞቹ ቋጥኝ እየፈለጡ መንገድ ያበጃሉ። በጨጨሆ አልፈው፣ ዋድላንና ደላንታን የሚለየውን የጂጣን ገደል ወርደው እንደ ገና ወጡ። ቀጥሎም የበሽሎ በረሓ መጣ። በገደሉ ታች ሙቀቱ የሚያዝል፣ ሽቅቡም ጉልበት የሚያርድ ነበር። ቍልቍለት ሲሆን ሰው ሁሉ ወደ ኋላ እየሳበ መድፉን ይይዛል፤ ዳገት ሲሆን ወደ ፊት ይስባል። ንጉሠ ነገሥቱም ከፊት ሆነው መንገዱን ይመሩ፣ ድንጋዩንም ያነሡ ነበር። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ።

በዚሁ ጊዜ ሌላ ቡድን ወደዚያው አምባ ይገሠግሥ ነበር። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ወደ 13 ሺህ ወታደርና ከህንድ ያመጣቸውን 44 ዝሆኖች ይዞ ከቀይ ባሕር ዳር ከዙላ ተነሣ። ከባድ መድፎቹን የተሸከሙለት ዝሆኖቹ ነበሩ። ይልቁንም የረዳው በየመንገዱ ያሉት መኳንንት ስላልወጉትና ገበሬው እህል ስለ ሸጠለት ነው። ባዕዱ በሰው አገር መንገድ ሲያገኝ ባለአገሩ ንጉሥ በገዛ አገራቸው ወዳጅ አጡ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በመጋቢት ወር ቀድመው መቅደላ ደረሱ፤ መድፉም ከአምባው ወጣ። እሽቅድምድሙን አሸነፉ ማለት ነው። ነገር ግን ሚያዝያ 3 ቀን፣ በዕለተ ስቅለት፣ እሮጌ ላይ ጦርነት ሲገጥም ሴባስቶፖል ነገሩን ሊለውጠው አልቻለም። ታማኙ ፊታውራሪ ገብርዬ ከብዙ መቶ ወታደሮች ጋራ ወደቁ። ንጉሠ ነገሥቱ እስረኞቹን ለቀቁ፤ እጃቸውን ግን አልሰጡም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ. ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ እንግሊዞች አምባውን ሲሰብሩ ቀድሞ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በተላከላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ሠዉ።

ስለ እኒህ ታላቅ ሰው ሲነገር ጀግንነታቸው ይወደሳል፤ ጭካኔያቸውም ይነቀፋል። ለእኛ ግን ከሁለቱ ጋራ ሊታሰብ የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሰነፍ አለቃ አልነበሩም፤ ፊት ቀድመው ነፋሱን የተቀበሉ፣ ሌላው እንዲሸከም ያዘዙትን ራሳቸው የተሸከሙ ነበሩ። ይህ ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ ላለ ወጣት ሹም ትልቅ ትምህርት ነው። የጐደላቸው ዞር ብሎ የኋለኛውን ማየት ነበር። ገበሬው ለምን እንደሚዘረፍ፣ ካህኑ መሬቱን ለምን እንደሚያጣ፣ ወታደሩም ጠፍሩን ለምን እንደሚስብ ካልገባው የመሪው ብርታት ብቻውን ሸክሙን ከአምባው ያደርሰው ይሆናል፤ አገርን ግን አያደርስም። ሥራን በፍጥነት ለመጨረስ ባለን ጉጉት ሦስተኛውን ሰው እየጣልን የምንሮጥ ሁሉ ይህን ልናስብበት ይገባል።

ሴባስቶፖል ዛሬም ከመቅደላ አምባ ላይ አለ፤ አምሳያውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ ይታያል። ያየው ሁሉ ስለ ክብደቱ ይደነቃል። በአደባባዩ የሚያልፍ ተማሪ ግን ከመድፉ ክብደት ይልቅ የጐታቾቹን ነገር ቢያስብ፣ ስንቱ ጠፍሩን እንደ ያዘ እስከ አምባው እንደ ደረሰና ስንቱ በመንገድ እንደ ቀረ ቢመረምር፣ ከታሪኩ የበለጠ ጥቅም ያገኛል።