ኤዲሰን እና በኮምፒውተራችን ውስጥ ያለችው ሳጥን

ቶማስ ኤዲሰን ሲባል ሁላችንም ቶሎ ትዝ የሚለን አምፖል ነው። እኔ ግን ላነሳው የፈለግኩት ስለ አንዲት ቀጭን ሽቦ ብዬ ነው፤ ራሷ ቀልጣ ቤቱን ስለምታድነው ፊውዝ። ትልልቆቹ ቫልቮላ ይሏታል። አሶሳ ውስጥ ከተማሪ ኪስ ጋር የሚስማማ ፓወር ሰፕላይ ፈልገን ኮምፒውተራችን ላይ የምናስገጥም ሁሉ ነገሩ ይመለከተናል።

ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1847 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ሚላን በምትባል ከተማ ተወለደ። ትምህርት ቤት የቆየው ጥቂት ወራት ብቻ ሲሆን ያስተማረችው እናቱ ናት። በ12 ዓመቱ ባቡር ላይ ጋዜጣና ከረሜላ አዟሪ ሆነ። ለእኛ ዲፓርትመንት የሚጥመው ቀጥሎ ያለው ነው። በ1862 በዕቃ ፉርጎ ውስጥ ትንሽ ማተሚያ ተክሎ የራሱን ጋዜጣ ማውጣት ጀመረ። ጸሐፊውም፣ አታሚውም፣ ሻጩም እሱ! እዚያው ፉርጎ ውስጥ ኬሚካል ይቀምም ስለነበር አንድ ቀን ፎስፈረስ ወድቆ እሳት ተነሳና ከነዕቃው ተባረረ። ጆሮውም ከልጅነቱ ጀምሮ በደንብ አይሰማለትም ነበር።

ቀጥሎ ቴሌግራፍ ላይ ሠራ፤ በ1877 ድምፅ የሚቀዳውን ፎኖግራፍ ፈጠረ። በነገራችን ላይ አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የድምፅ መልእክት የላኩት በፎኖግራፍ ነው።

በ1879 ረጅም ሰዓት የሚበራ አምፖል ሠርቶ አሳየ። አምፖል ብቻውን ግን ምን ይፈይዳል? ኮረንቲ የሚያመነጭ ጣቢያ፣ ሽቦ፣ ቆጣሪ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ አዘጋጅቶ መስከረም 4 ቀን 1882 (በፈረንጆቹ) ኒውዮርክ ፐርል ስትሪት ላይ ጣቢያውን ከፈተ። ሽቦውን ምሰሶ ላይ ከመስቀል ይልቅ መሬት ውስጥ ቀበረው። ጣቢያው ሥራ ከመጀመሩ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1880፣ የፊውዝን የፈጠራ መብት አስመዝግቦ ነበር። ኮረንቲው ከልክ ሲያልፍ ሽቦዋ ቀልጣ መስመሩን ትቆርጣለች። ሰውዬው ዕቃውን ከመሸጡ በፊት ዕቃው ሲበላሽ ምን እንደሚሆን አስቧል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ግን አያስመሰግነውም። የኤዲሰን ኮረንቲ ቀጥተኛ ስለነበር ከጣቢያው ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይርቅ ይደክማል። ዌስቲንግሃውስ ደግሞ የኒኮላ ቴስላን ፈጠራ ገዝቶ ሩቅ የሚሄደውን ተለዋዋጭ ኮረንቲ ይዞ መጣ። ኤዲሰን ይህ ኮረንቲ ገዳይ ነው ብሎ ዘመቻ ከፈተ። በ1888 በቤተ ሙከራው ውስጥ ውሾች በኮረንቲ ተገደሉ፤ በ1890 ኒውዮርክ ውስጥ የመጀመሪያው ሰው በኤሌክትሪክ ወንበር ተቀጣ። ተለዋዋጩ ኮረንቲ መግደሉ እውነት ነው። ቀጥተኛውም ግን ይገድላል። እንደኔ እንደኔ ይህ በግማሽ እውነት የተሠራ ማስታወቂያ ነው። በመጨረሻም ተሸነፈ፤ በ1892 ኩባንያው ከሌላ ጋር ተዋህዶ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ሲባል ስሙ እንኳ ከላዩ ተነሳ።

ዛሬ በክልላችን ጉባ ላይ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋት ግድብ የሚወጣው ተለዋዋጭ ኮረንቲ ነው። ግድግዳችን ላይ የሚደርሰንም እንዲሁ ተለዋዋጭ፣ 220 ቮልት። ኮምፒውተር ውስጥ ያሉት ዕቃዎች ግን የሚፈልጉት የኤዲሰንን ዓይነት ቀጥተኛ ኮረንቲ ነው፤ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት። ሁለቱን ተፎካካሪዎች የምታስታርቀው ፓወር ሰፕላይ የምትባለው ሳጥን ናት።

ርካሿ ሳጥን ታዲያ ብዙ ጊዜ የምትቆጥበው ዓይን በማያየው ነገር ላይ ነው። ላይዋ ላይ 500 ዋት ተጽፎ ግማሹን ስትጠየቅ ትንተከተካለች። በእጅ ስትመዘን ቀላል ናት፤ ሙቀት የሚያወጣው ብረትና ትራንስፎርመሯ ትንንሽ ናቸውና። ካፓሲተሮቿ ሙቀት አይችሉም፤ ያብጣሉ። ፊውዝ አላት፣ አዎ። ፊውዝ ግን ቤቱን ከእሳት ነው የሚያድነው። 12 ቮልቱ ከፍ ብሎ ወደ ሀርድ ዲስኩ ሲሄድ አያውቅም፤ እሱን የሚያውቅ ሌላ መከላከያ አለ፣ ርካሿ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ይጎድላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የምትመታው እሷ ናት። የኛ የቃለ መጠይቅ ቅጂ፣ ጽሑፍ፣ ፎቶ ሁሉ ያለው አንድ ሀርድ ዲስክ ላይ ስለሆነ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ከኋላዋ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ ያላትም አለች፤ 115 ላይ ሆና ከተሰካች እዚያው ትፈነዳለች። የኮምፒውተሩ ብረት ሲነካ የሚነዝር ከሆነም ብዙውን ጊዜ ሶኬቱ የምድር መስመር የለውም ማለት ስለሆነ ኤሌክትሪሻን መጥራት ነው።

ኤዲሰን ኮምፒውተርን ሳያይ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 18 ቀን 1931 በ84 ዓመቱ አረፈ። ለክብሩ በመላ አሜሪካ ኮረንቲ ለአንድ ደቂቃ ይቆረጥ የሚል ሐሳብ መጥቶ ነበር። ፕሬዚዳንት ሁቨር ግን ለአንድ ደቂቃም ቢሆን መቁረጡ አደጋ ያመጣል ተብሎ ሐሳቡን ተዉት። በምትኩ ሕዝቡ ማታ በየቤቱ፣ በራሱ እጅ፣ መብራቱን ለአንድ ደቂቃ አጠፋ።